ከውጫሌ እስከ ፍራንክፈርት፦ የቤታችን ኢንተርኔት በየት በኩል ያልፋል?

ወላጆች ውጫሌ፣ ልጆች አዲስ አበባ፣ የበኩር ልጅ ደግሞ ፍራንክፈርት። እንዲህ ተበታትኖ የሚኖር ቤተሰብ ዛሬ በየሰፈሩ አለ፤ የከተሞቹ ስም ብቻ ይለያያል። ድሮ የሚያገናኘው የበዓል ጉዞና አልፎ አልፎ የሚደወል ስልክ ነበር። አሁን ውጫሌ ባለው ግቢ በር ላይ ካሜራ ተሰቅሏል። አዲስ አበባ ባለው ቤት ሳሎን ውስጥ የሠርጉም የክርስትናውም ፎቶ የተከማቸበት ትንሽ ሳጥን አለ። ማታ ማታ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን በቪዲዮ ያያሉ። ሦስቱን ቤቶች በአንድ የግል መስመር ለማስተሳሰር ደግሞ ከልጆቹ መካከል ኮምፒውተር የሚነካካው "የራሳችን ቪፒኤን" ይተክላል።

ለሁለት ሳምንት ሁሉም ይደነቃል። ከዚያ አንድ ቀን የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ የባንክ መተግበሪያው አልከፍትም ይላል። የቴሌግራም ጽሑፍ ይገባል፣ ፎቶው ግን ይሽከረከራል። ካሜራው ጠፍቷል። ከአዲስ አበባ ይደወላል፦

"እማዬ፣ ራውተሩ ላይ መብራት አለ?"

"አለ ልጄ፣ አረንጓዴ ነው። አብሽር፣ ነገ ይሠራ ይሆናል።"

ነገም አይሠራም። መብራቱ የሚናገረው ራውተሩ መብራት እንዳገኘ፣ መስመሩም እንደተገናኘ ብቻ ነው። ከቤት የወጣው ነገር በየት በኩል እንደሄደና መልሱ በየት በኩል እንደሚመለስ አይናገርም። በዚህ ጽሑፍ የምናየውም ይህንኑ የመንገድ ጉዳይ ነው።

ዋሻው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የተጓዘ ሁሉ ጣርማ በር ላይ ያለውን ዋሻ ያውቀዋል። ውጭ የቆመ ሰው መኪናው ሲገባና ሲወጣ ያያል፤ ውስጥ ሳለ ግን አያየውም። ቪፒኤንም እንደዚያ ነው። ከስልክዎ የወጣው ጥያቄ ራውተሩ ላይ ተቆልፎ ይታሸግና ሩቅ አገር ወዳለ አንድ ሰርቨር ይጓዛል። እዚያ ተፈቶ ወደ ዓለም ይወጣል። መስመሩን የሚያቀርበው ድርጅት ወደ አንዱ ሰርቨር አንድ ነገር እየሄደ መሆኑን ያያል እንጂ ምን እንደሆነ አያይም። የከፈቱት ድረ ገጽ ደግሞ ጥያቄው ከፍራንክፈርት የመጣ ይመስለዋል።

አብዛኞቻችን ቃሉን የለመድነው በ2015 ዓ.ም. ነው። ከየካቲት ወር ጀምሮ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ሳለ ቪፒኤን የማያውቅ ስልክ ብርቅ ነበር። የዚያን ጊዜ የተጫኑት ነፃ መተግበሪያዎች ግን ዋሻው የማን እንደሆነ አይነግሩንም። ከዋሻው ማዶ የተቀመጠው ሰው የቤታችንን ውሎ የማየት ዕድል አለው፤ ማን መሆኑን ደግሞ አናውቅም። የራስን መትከል የተሻለ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በወር 5 ዶላር አካባቢ የሚከራይ ሰርቨር ወይም ውጭ ባለው ልጅ ቤት የሚቀመጥ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ትበቃለች። ዋየርጋርድ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ አብሮ ይመጣል። ከቴሌ ጋር የሚመጣው ሳጥን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፕሮግራም አያውቀውም፤ ከኋላው ሁለተኛ ራውተር መጨመር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ሳይደበላለቅ ይለይ። ቪፒኤን የሚያልፈው የተዘጋን በር ነው፤ የተቆረጠን መንገድ አይቀጥልም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከዓለም የተሻለው ቪፒኤንም ውጫሌ ላለ ስልክ አይጠቅምም ነበር፤ ዋሻው የሚጀምርበት መንገድ ራሱ አልነበረማ።

"ይቻላቸዋል" ወይስ "አለባቸው"?

ውጫሌን ስናነሳ አንቀጽ 17ን አለማንሳት አይቻልም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለው ውል ተፈራረሙ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነበር፤ የጣልያንኛው ግን ወደ ግዴታ ወሰደው። ነገሩ የታወቀው ውሉን ደግሞ በማንበብ አልነበረም። ምኒልክ ስለ ንግሣቸው ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩት ደብዳቤ መልሱ ሲመጣ፣ በኢጣሊያ በኩል መላክ ነበረበት የሚል ሆኖ ተገኘ። የመልእክቱን መንገድ ያጋለጠው የመልሱ መንገድ ነው። በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ ቀሪውን ዓድዋ ጨረሰው።

ታሪኩን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። የቤት ቪፒኤን ሲተከል የሚሞላ አንድ ሣጥን አለ፤ በዋየርጋርድ "አላውድ አይፒስ" ይባላል። እዚያ ውስጥ 0.0.0.0/0 ተብሎ ከተጻፈ ትርጉሙ "የዓለም አድራሻ ሁሉ በዚህ ዋሻ በኩል ይሂድ" ነው፤ በቤቱ ያለው ሁሉ የግድ በፍራንክፈርት ያልፋል። በዚያ ፈንታ የእህት ቤቶቹ አድራሻ ብቻ ከተጻፈ ወደ ቤተሰቡ የሚሄደው በዋሻው ያልፋል፣ ሌላው በተለመደው መንገድ ይወጣል። ብዙ መመሪያዎች የመጀመሪያውን የሚመክሩት ለመጻፍ አጭር ስለሆነ ነው። ለቤተሰብ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ሁለተኛው ይሻላል። ቤት ውስጥ ከሚነሳው ራስ ምታት አብዛኛው "ይቻላል" መሆን የነበረበት "ግድ ነው" ከመሆኑ ይመጣል።

ስሌቱን እንየው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ደርሶ መልሱ ገመዱ እንደ ሕልም ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች አይሆንም፤ እውነተኛው ገመድ በባሕርና በየብስ ስለሚዞር እጥፉንም ያልፋል። አዲስ አበባ ያለ የባንክ ሰርቨርን ከውጫሌ ለመክፈት ጥያቄው ፍራንክፈርት ሄዶ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ መልሱም በዚያው ይዞራል። ደሴ ላለ ጎረቤት ዕቃ በአውሮፓ በኩል እንደ መላክ ነው። የባንኩ መተግበሪያ ደግሞ ደንበኛው ድንገት ጀርመን የተገኘ ይመስለውና በር ሊዘጋ ይችላል። ከላይ ያነሳነው የ"አልከፍትም" ችግር ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ስለ ፍጥነት ብዙ ይወራል፤ ስለ ኃላፊነት ግን ማንም አያወራም። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ባለው ልጅ ቤት ከሆነ፣ ከውጫሌና ከአዲስ አበባ የሚወጣው ሁሉ በእሱ አድራሻ፣ በእሱ ስም ይወጣል። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ወንድም ያለፈቃድ የተቀዳ ፊልም ቢያወርድ የቅጣቱ ደብዳቤ የሚደርሰው ለታላቁ ነው። በተቃራኒው ደግሞ፣ ታላቁ ከፈለገ ወላጆቹ የትኛውን ድረ ገጽ በስንት ሰዓት እንደከፈቱ ማየት ይችላል። አያይም ይሆናል። ግን ማየት የሚችል መሆኑን አባትና እናት አውቀው ቢስማሙ መልካም ነው።

መብራት ሲመለስ የሚጠፋው መስመር

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። በአገራችን ቤቶች በብዛት የሚያጋጥመውና ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ብልሽት የሚጀምረው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው።

አብዛኛው የቤት ራውተር የሰዓት ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ ሰዓቱ አብሮ ይሄዳል፤ ሲነሣ ከወራት በፊት የነበረ ቀን ይዞ ይነሣል። ትክክለኛውን ሰዓት የሚያገኘው ኢንተርኔት ላይ ካለ የሰዓት ሰርቨር ጠይቆ ነው። ዋየርጋርድ ደግሞ ከሰርቨሩ ጋር ሲተዋወቅ የላኪውን ቀንና ሰዓት ከሰላምታው ጋር ይልካል። ሰርቨሩ ቀድሞ ከተቀበለው የቆየ ሰዓት ያለበት ሰላምታ ከመጣ፣ ሌባ የድሮ መልእክት ገልብጦ የላከ መስሎት ዝም ይላል። አሁን ቋጠሮውን ይመልከቱ፦ ዋሻው እንዲከፈት ሰዓቱ መስተካከል አለበት፤ ሰዓቱ እንዲስተካከል ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ሁሉም የግድ በዋሻው እንዲያልፍ ታዟል። ራውተሩ እንደዚያ ተቆልፎ ይቀራል። እናት ሶኬቱን አሥር ጊዜ ነቅለው ቢሰኩት ለውጥ የለም፤ እንዲያውም በየጊዜው ሰዓቱን መልሶ ያጠፋዋል።

መፍትሔው የራውተሩ የራሱ ጥያቄዎች፣ በተለይ ሰዓትና የስም ፍለጋ፣ ከዋሻው ውጭ በተለመደው መንገድ እንዲሄዱ ማድረግ ነው። የእህት ቤቶቹን አድራሻ ብቻ በዋሻው ካሳለፉ ይህ በራሱ ይፈታል። ለዛሬ ብቻ ማስታገሻ ከፈለጉ ሰርቨሩ ላይ ዋየርጋርድን አጥፍቶ ማስነሳት ይበቃል፤ የያዘውን የመጨረሻ ሰዓት ይረሳና ራውተሩን እንደ አዲስ ይቀበላል። ለራውተሩ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ መግዛትም አይከፋም። ዋጋው በምሽት ስልክ ላይ ከሚጠፋው ትዕግሥት ያንሳል።

ከሰዓቱ በኋላ ሰላምታውን ያረጋግጡ። ዋየርጋርድ የመጨረሻው ሰላምታ መቼ እንደተሳካ ያሳያል። መስመሩ እየሠራ ሳለ ሰላምታው በየሁለት ደቂቃው ይታደሳል፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ዋሻው ተዘግቷል ማለት ነው። ሰላምታ ጭራሽ ከሌለ ቁልፉ በስህተት ተገልብጦ ወይም በሰርቨሩ በኩል በሩ ሳይከፈት ቀርቶ ይሆናል፤ የተለመደው በር ቁጥር 51820 ነው። ሰርቨሩ ውጭ ባለው ልጅ ቤት ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ። የዚያ ቤት አድራሻ ይቀየራል፤ ዋየርጋርድ ግን የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ትናንት የነበረውን በር እያንኳኳ ይውላል። ራውተሩ በየጥቂት ደቂቃው ስሙን ዳግም እንዲጠይቅ የሚያደርግ አነስተኛ ትእዛዝ ይጨመርለት።

ሰላምታው ጤነኛ ሆኖ ካሜራው ካልታየ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የመንገድ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከው ጥያቄ ሰርቨሩ ድረስ ደርሷል፤ ሰርቨሩ ግን የውጫሌው ቤት አድራሻ በየትኛው ቁልፍ በኩል እንደሚገኝ አልተነገረውም። ስለዚህ "አላውድ አይፒስ" በሁለቱም ወገን መሞላት አለበት፤ በራውተሩ ላይ ብቻ ሞልቶ መተው ብዙዎች የሚያቆሙበት ቦታ ነው። ሰርቨሩም የተቀበለውን ለሌላው እንዲያስተላልፍ መፈቀድ አለበት፤ ይህ በአብዛኛው ሲገዛ የተዘጋ ነው።

እንደ ወንድማማች ስም የሚያምታታ ሌላ ነገር አለ። ከሱቅ የወጣ ራውተር ብዙ ጊዜ የቤቱን አድራሻ በ192.168.1 ይጀምራል። የውጫሌውም፣ የአዲስ አበባውም፣ የፍራንክፈርቱም እንደዚያ ከሆነ ሦስቱም ቤቶች "ቤት ቁጥር 1" ናቸው። አዲስ አበባ ያለው ስልክ የውጫሌውን ካሜራ ሲፈልግ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ ይፈልጋል። አንዱን 192.168.31፣ ሌላውን 192.168.32፣ ሦስተኛውን 192.168.33 ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ይህ ግን ዋሻው ከመተከሉ በፊት ቢሠራ ነው ጥሩው።

ጽሑፍ ገብቶ ፎቶ የሚቀርበት ጉዳይ ደግሞ ከጣርማ በር ጋር ይመሳሰላል፤ ዝቅ ባለ ጣሪያ ሥር ትንሿ መኪና ታልፋለች፣ ከፍ ብሎ የተጫነው መኪና አያልፍም። መረጃ በኢንተርኔት የሚጓዘው እስከ 1500 ባይት በሚደርስ ጥቅል ነው። መስመርዎ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኝ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 8 ባይት ይወሰዳል። የዋየርጋርድ እሽግ ደግሞ እስከ 80 ይፈልጋል። የሚቀረው 1412 ነው፤ የዋየርጋርድ የተለመደው ግን 1420 ነው። ያቺ የ8 ባይት ልዩነት የልጅ ልጅን ፎቶ ልታስቀር ትችላለች። ራውተሩ ላይ "ኤም ቲ ዩ" በሚለው ቦታ 1412 ያስገቡ። በሞባይል መስመር ላይ ካልበቃ ወደ 1280 ዝቅ ያድርጉት።

ሰርቨሩን ውጫሌ ብናስቀምጠውስ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አባት አይጠፋም፤ "ቤቱ የእኛ፣ መብራቱ የእኛ፣ ለምን ለውጭ ሰርቨር እንከፍላለን?" ጥያቄው ትክክል ነው፤ ችግሩ አድራሻው ላይ ነው። የአድራሻ ቁጥር ውስን ስለሆነ አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ በርካታ ደንበኞችን ከአንድ የጋራ አድራሻ ኋላ ያስቀምጣሉ። ከቤት ወደ ውጭ መደወል ይቻላል፤ ከውጭ ወደ ቤቱ ግን የሚያገናኝ የለም። ለማጣራት ራውተሩ የውጭ አድራሻዬ ብሎ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አድራሻ የሚያሳዩ ድረ ገጾች ከሚሉት ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ፣ የጋራ አድራሻ ኋላ ነዎት። ከቴሌው ሳጥን ኋላ ሁለተኛ ራውተር ያስገቡ ከሆነ ግን የሚታየው የውጭኛው ሳጥን ቁጥር ይሁን።

ስለዚህ ሁለቱም ቤቶች ወደ ሦስተኛው ይደውላሉ፤ ሰርቨሩ መሐል ቆሞ ያገናኛቸዋል። መስመሩ ዝም ሲል የመሐሉ በር እንዳይዘጋ ራውተሩ በየ25 ሰከንዱ ትንሽ ምልክት እንዲልክ ይታዘዝ። "ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ" የሚለው ቦታ ለዚህ ነው። ካሜራው ጠዋት ጠዋት ጠፍቶ፣ ከውጫሌ አንድ ሰው ስልክ ሲነካ የሚመለስ ከሆነ የጎደለው ይህ ምልክት ነው።

ከአዲስ አበባ ሆነው የውጫሌውን ራውተር በዚያው ዋሻ ገብተው የዋሻውን ማስተካከያ አይንኩ። አንዲት ቁጥር ብትሳሳት መግቢያውም ይዘጋል፣ ቀጣዩ ጥገናም የአውቶቡስ ትኬት ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ሥራ ለበዓል ሲሄዱ በቦታው ላይ መሥራት ነው። ሲጨርሱ ሶኬቱን ነቅለው አምስት ደቂቃ ይጠብቁና መልሰው ይሰኩ፤ ሳይነኩት ካሜራው ከተመለሰ ሥራው ተሳክቷል።

ከመመለስዎ በፊት አንድ ወረቀት ጽፈው ራውተሩ አጠገብ ይለጥፉ፦ የትኛው ሳጥን የቴሌ እንደሆነ፣ የትኛው የቤተሰቡ፣ ዋሻው ሲበላሽ የትኛው ሶኬት ተነቅሎ ስልኩ ከየትኛው ዋይፋይ ጋር እንደሚገናኝ። አባትና እናት ልጅ እስኪደውል ሳይጠብቁ በተለመደው መንገድ ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ የሚቀርባቸው የበሩ ካሜራና የፎቶው ሳጥን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው የዋየርጋርዱ የግል ቁልፍ ነው። በቴሌግራም ፎቶ ተነሥቶም አይላክ። ተልኮ ከሆነ አዲስ ቁልፍ ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አሮጌውን ከሰርቨሩ ላይ መሰረዝ ደግሞ የሌላ አንድ ደቂቃ።